ግራ እጅ ይቅደም፦ የሾፓንን ቤርሶዝ የመለማመድ ማስታወሻ

ኅዳር መጀመሪያ

ኖታውን አትሜ ፒያኖው ላይ አስቀመጥኩት። የፖላንዱ የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ ፍሬደሪክ ሾፓን፣ ቤርሶዝ፣ ኦፐስ 57 (የሥራው ቁጥር)፣ ዲ ፍላት ሜጀር (የተጻፈበት ቃና)። እሹሩሩ ነው፣ ግን ዘፋኝ የለውም፣ ግጥም የለውም፣ አንድ ፒያኖ ብቻ። 70 ባር፣ ማለትም እኩል የምት ክፍል፣ ነው። ሲጫወቱት አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይወስዳል።

ኖታውን ሳገላብጥ መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ግራ እጁ ነው። አንድ ባር የምታክል ነገር ትጀምራለች፣ ከዚያ ያችው ትደገማለች፣ አሁንም ትደገማለች፣ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ማለት ይቻላል። ባሩ ሲጀምር ታች ያለው ዲ ፍላት ይሰማል፣ እጁ ወደ ላይ ይዘረጋል፣ በመጀመሪያው አጋማሽ ቶኒኩ (ሙዚቃው የሚያርፍበት ኮርድ፣ ኮርድ ማለት አብረው የሚሰሙ ኖታዎች)፣ በሁለተኛው አጋማሽ ዶሚናንቱ (ወደ ማረፊያው መልሶ የሚጎትተው ኮርድ)። ሄዶ መመለስ። በሌሎች ሥራዎቹ ኮርድ ሲያወሳስብ የሚውል ሰው እዚህ በሁለት ኮርድ ብቻ ያን ሁሉ መንገድ ይሄዳል። ለሰነፍ ሰው የተጻፈ ይመስላል፤ አንድ ባር አጥና፣ ግማሹን ሥራ ጨረስክ። ሁለተኛውን ገጽ ስትገልጥ ግን ቀኝ እጁ ጋ ወረቀቱ በኖታ ጠቁሯል።

መሣሪያዬ 88 ቁልፍ ያለው ዲጂታል ፒያኖ ነው። ቁልፎቹ ክብደት አላቸው፣ እሱ ጥሩ ነው። አብሮት የመጣው ፔዳል ግን የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ ተረገጠና ተለቀቀ። መሃል የለውም። እዚህ ሥራ ላይ ይሄ ነገር ጣጣ ማምጣቱ አይቀርም፣ ለጊዜው ግን ይቆየን።

ዕቅዴ አጭር ነው። ግራ እጅ ብቻውን። ስልክ እያወራሁ እንኳን የማይዛነፍ እስኪሆን ድረስ ቀኝ እጅ አይነካም።

ኅዳር አጋማሽ

ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) ላይ ነኝ። ፍጥነቱ አንዳንቴ ይላል፣ ረጋ ያለ እርምጃ እንበለው። ምቱ ስድስት ስምንተኛ ነው። ስድስት ስምንተኛ ሲባል የኛ ሰው ጆሮ ወዲያው ወደ ችክችካ ነው የሚሮጠው። ቆጠራው አንድ ነው፣ ስሜቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ችክችካ ትከሻ ይጠራል። ይሄኛው ባሩን ለሁለት ከፍሎ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይወዛወዛል፤ ጠንከር ያለ ምት ከገባበት አበቃለት። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከእጄ ላይ ጭብጨባውን ማውጣት ሆነ። ታች ያለው ዲ ፍላት ባር በጀመረ ቁጥር ስለሚመጣ ትንሿ ጣት "ይኸው አንድ!" እያለች ልትመታው ትፈልጋለች። መፍትሔው ጣቷን ሳያነሱ የክንድን ክብደት ቀስ ብሎ እንዲወርድባት መተው ነው። ድምፁ ይኑር፣ ምቱ ይጥፋ።

ከዚያ ፈተናው መጣ። እናቴ ስትደውል ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ በግራ እጄ እየተጫወትኩ አወራኋት። መጀመሪያ ላይ "አዎ" እና "እሺ" ስል ችግር የለም። ስለ ዘይት ዋጋ ሲጀመር ግን ምቱ መፍጠን ይጀምራል። ጥሩ መለኪያ ነው፣ ሜትሮኖም ይሄን አይነግርህም።

ሾፓን ለተማሪዎቹ ሲያስተምር ግራ እጅ የመዘምራኑ መሪ ነው፣ ከምቱ ንቅንቅ አይበል፣ ቀኝ እጅህን ግን እንደፈለግክ አድርገው ይል እንደነበር ተማሪዎቹ አስተላልፈዋል። ሩባቶ (ምትን ላላ፣ ጠበቅ ማድረግ) ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ሁለቱም እጅ አብሮ ሲዘገይ፣ አብሮ ሲፈጥን ነው። ቤርሶዝ ላይ ይሄ አይሠራም። ልጅ የሚያስተኛ ሰው መወዝወዙን መሃል ላይ ቢያቆም ልጁ ዓይኑን ነው የሚገልጠው።

ያው ሰሞን

ጣት ሲደክም ንባብ። ሾፓን በዚያ ዘመን የአውሮፓን ሞቃት ወራት የሚያሳልፈው ኖሃን በምትባል የፈረንሳይ ገጠር፣ በደራሲዋ ጆርጅ ሳንድ ቤት ነበር። ከትልልቅ ሥራዎቹ ብዙዎቹን የጻፈው እዚያ ነው። በ1843 (ዓመቶቹ ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ናቸው) እዚያ ቤት አንዲት ሕፃን ነበረች፣ የዝነኛዋ ዘፋኝ የፖሊን ቪያርዶ ልጅ፣ ሉዊዝ። ወላጆቿ ለሥራ ሲዞሩ ሳንድ ጋ ትተዋት ይሄዳሉ። ዕድሜዋ ያኔ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ነው፣ ሾፓንም በጣም ይወዳት ነበር። ቤርሶዙ የመጣው ከሷ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ሥራው በ1845 ታትሞ ሲወጣ ግን የተበረከተው ለኤሊዝ ጋቫር ነው።

ለልምምዴ የጠቀመኝ ሌላው ወሬ ነው። ሾፓን መጀመሪያ የሰጠው ስም ቤርሶዝ አልነበረም፣ "ቫሪያንት" ነበር። አንድ አጭር ዜማ እየተለዋወጠ የሚመጣበት ሥራ ማለት ነው። መግቢያው ላይ ግራ እጅ ብቻውን የሚጫወታቸው ሁለት ባርም ኋላ ነው የተጨመሩት። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ሥራውን የማይበት ዓይን ተቀየረ። ቀኝ እጁ መጀመሪያም ነበር፣ ጌጡም ነበር። እሹሩሩ ያደረገው ግራ እጁ ብቻውን ቀድሞ እንዲገባ መደረጉ ነው ባይ ነኝ። ማንም ዜማ ሳይሰማ በፊት መወዝወዙ ተጀምሯል።

ስለዚህ ሁለቱን ባር እንደ መግቢያ አልዘልላቸውም። በየቀኑ ልምምድ ስጀምር በነሱ ነው የምጀምረው።

ኅዳር መጨረሻ

ቀኝ እጅ ገባ። ዜማው በሦስተኛው ባር ይጀምራል። አራት ባር ነው፣ ቀላል ነው፣ አንዴ የሰማ ሰው ያንጎራጉረዋል። ከሰባተኛው ባር ጀምሮ ግን ያው ዜማ ከሥሩ ሌላ ድምፅ ይጨመርበታል። አንድ እጅ ሁለት ሰው ሆነ ማለት ነው። ላይኛው ይዘፍናል፣ ታችኛው ያጅባል፣ ሁለቱን የሚጫወቱት ደግሞ እነዚያው አምስት ጣቶች ናቸው። የሠራልኝ ዘዴ፦ ላይኛውን በሙሉ ድምፅ መጫወት፣ ታችኛውን ቁልፉን ዳሰስ አድርጎ ድምፅ ሳያወጡ ማለፍ። ከዚያ ታችኛውን ቀስ በቀስ ማስገባት። እጁ ማን አለቃ እንደሆነ ይገባዋል።

ዲ ፍላት ሜጀር አምስት ጥቁር ቁልፍ አለው። ወረቀት ላይ ያስፈራል፣ እጅ ላይ ግን ይመቻል። ሾፓን ራሱ ተማሪ ሲያስጀምር ጥቁር ቁልፍ የሌለውን ሲ ሜጀርን "ቀላል ነው" ብሎ አያስቀድምም ነበር። ረጃጅሞቹ ጣቶች ጥቁሮቹ ላይ፣ አጫጭሮቹ ነጮቹ ላይ የሚያርፉበትን ስኬል (የኖታ መሰላል) ነበር የሚመርጠው። እጅህን ዝም ብለህ ስታስቀምጠው በራሱ ቅርጽ ይቀመጣል። ሌላው የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ ፍራንዝ ሊስትም በ1854 የራሱን ቤርሶዝ ሲጽፍ የመረጠው ያንኑ ዲ ፍላት ሜጀር ነው።

እግረ መንገዴን፦ ከዲ ፍላት ተነስቶ ሜጀር ትዝታ የሚጫወት ሰው ዲ ፍላት፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ኤ ፍላትና ቢ ፍላትን ነው የሚነካው። አራት ጥቁር፣ አንድ ነጭ። የቤርሶዙን ግራ እጅ ይዤ በላዩ ላይ ትዝታ ሞከርኩ፣ ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። ያስኬዳል! እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ሲጫወቱ የሰማ ሰው ቀኝ እጅ ከቆጠራ ወጥቶ ሲንሳፈፍ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። እኔ እንደሳቸው አልሆንኩም፣ ግን ቀኝ እጄ ያልተጻፈ ነገር ይዞ ሲንከራተት ግራዬ ቦታዋን ሳትለቅ ቆየች። ለልምምድ ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

ታኅሣሥ መጀመሪያ

15ኛው ባር አካባቢ ዜማው ላይ ትንንሽ ግሬስ ኖቶች መንጠባጠብ ይጀምራሉ። ከዋናው ኖታ በፊት ነካ ተደርገው የሚታለፉ ናቸው። ቀላል መስለው ነው የሚያስቸግሩት፤ ከዋናው ኖታ ከበለጡ ዜማው ይጠፋል፣ ከሳሱ ደግሞ ጣት ያዳለጠ ይመስላል።

በዚህ መሃል የታችኛው ፎቅ ጋሼ ደረጃ ላይ ያዙኝ።

"አንተ ልጅ፣ ማታ ማታ ምንድን ነው የምትወቅጠው?"

"ፒያኖ ነው እኮ ጋሼ።"

"የምን ፒያኖ! ፒያኖ ድምፅ የለውም እንዴ?"

እውነታቸውን ነው። እኔ ሄድፎን አድርጌ ነው የምጫወተው፣ እሳቸው ጋ የሚደርሰው ቁልፉ ከሥር ሲገጭ የሚያወጣው ድም ድም ብቻ ነው። የኮንዶሚኒየም ወለል ደግሞ ሚስጥር አይጠብቅም። ከፒያኖው እግር ሥር ወፍራም ስፖንጅና ምንጣፍ ደረብኩበት፣ ይቅርታም ጠየቅኩ።

ነገሩ ግን ትምህርት ሆነኝ። የኖታውን ጩኸት የሚወስነው ቁልፉ የሚወርድበት ፍጥነት ነው፤ ሥሩ ከደረሰ በኋላ የሚጨመረው ጉልበት ሙዚቃው ውስጥ አይገባም፣ ቀጥታ ጋሼ ጣሪያ ላይ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አንዳንድ ማታ ሄድፎኑን አውልቄ፣ ድምፁን ዘግቼ፣ ቁልፎቹን ብቻ እየሰማሁ እለማመዳለሁ። ቁልፉ ከተሰማኝ እጄ ጠንክሯል። ይሄ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በለስላሳ ድምፅ ዙሪያ የሚኖር ነው፣ ከፍ የሚልባቸው ቦታዎች እንኳን ከፍ የሚሉት በአቅማቸው ነው። ለግሬስ ኖቶቹም ፈውሱ እዚያው ተገኘ።

ታኅሣሥ አጋማሽ

አሁን የጠቆረው ገጽ ላይ ደርሰናል። ዜማው እየደጋገመ ልብስ ይለውጣል፤ አንዴ በትሪፕሌት (በሁለት ኖታ ቦታ ሦስት)፣ አንዴ በሦስተኛ ርቀት፣ ማለትም በመሃላቸው አንድ የስኬል ኖታ እየተዘለለ በሚሄዱ ጥንድ ኖቶች፣ አንዴ ከላይ ተነስተው ወደ ታች በሚንቆረቆሩ ሩጫዎች። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሰበረው፣ ምክንያቱም ቀኝ እጅ ሲጨናነቅ ግራው "ልጠብቅህ?" ይላል። አይጠብቅም! ግራ እጁ ከጠበቀ እሹሩሩነቱ ቀረ፣ የጣት ጂምናስቲክ ሆነ።

ያደረግኩት እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ባር ግራ እጅ ስድስት ስምንተኛ አለው። የቀኝ እጁን ሩጫ በእርሳስ በስድስት ከፈልኩት፤ ይሄ ኖታ ከዚያኛው የግራ ኖታ ጋር አብሮ ያርፋል፣ ይሄኛው ከሚቀጥለው ጋር። ከዚያ ማረፊያዎቹን ብቻ ተጫወትኩ፣ መሃል ያለውን ሁሉ ትቼ። ስድስቱ ማረፊያ ሲጸና መሃሉን ሞላሁት። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ግን ግራ እጁን ሳይነኩ ቀኙን የማፍጠኛ መንገድ ይሄ ነው። ሲጸና ደግሞ እርሳሱን መርሳት ያስፈልጋል፤ ማረፊያዎቹ ከተሰሙ ሩጫው ይቆራረጣል፣ ቀኙ እጅ በመሃል ትንሽ ዘግየት፣ ትንሽ ቸኮል ማለት አለበት።

ጥንዶቹ ኖቶች የጣት ቁጥር ይፈልጋሉ። ሾፓን አንድ ጣት ከጥቁር ቁልፍ ተንሸራቶ አጠገቡ ያለው ነጭ ላይ እንዲወርድ ይፈቅድ ነበር። ጥብቅ መምህራን ይሄን አይወዱም። እዚህ ግን ያድናል፣ በተለይ ወደ ታች ሲወረድ። ይሄ የጥንድ ኖት ጣጣ ለሱ አዲስ አልነበረም፣ ኦፐስ 25 ቁጥር 6 የሆነውን ኤቲዩድ (የጣት ማለማመጃ ሥራ) ሙሉውን የሠራው በዚሁ ላይ ነው። እኔ ያንን ኤቲዩድ አልነካም፣ ዕድሜም ትዕግሥትም የለኝም። የዚህኛውን ጥቂት ባር ብቻ ቀስ ብዬ፣ በግማሽ ፍጥነት።

መብራትም ጠፋ። ዲጂታል ፒያኖ ያለ መብራት ዕቃ ነው። ቁልፎቹ ግን ይወርዳሉ፣ ይነሳሉ። በሻማ፣ ያለ ድምፅ፣ በቃሌ ሙሉውን ለመሄድ ሞከርኩ። ጆሮ የማያግዝህ ጊዜ እጅህ የትኛውን ቦታ በትክክል እንደሚያውቅና የትኛውን በግምት እንደሚያልፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በግምት የማልፋቸው ቦታዎች ላይ በማግስቱ ቀይ ክብ አደረግኩባቸው። ከጠበቅኩት በላይ ናቸው።

ታኅሣሥ መጨረሻ

የፔዳሉ ጣጣ ደረሰ። ታች ያለው ዲ ፍላት ባሩን ሙሉ መቆየት አለበት፣ መሬቱ እሱ ነው። እጁ ግን ወዲያው ጥሎት ወደ ላይ ስለሚሄድ የሚያቆየው ፔዳሉ ነው። ባሩ መሃል ላይ ኮርዱ ወደ ዶሚናንት ይቀየራል። ፔዳሉን እዚያ ጋ ካጸዳህ ዲ ፍላቱ ይሞታል፣ ወለሉ ከሥርህ ይሄዳል። ካላጸዳህ ሁለቱ ኮርድ ይቀላቀላሉ፣ በላዩ የቀኝ እጁ ጌጥ ሲመጣ ደግሞ ጭቃ ይሆናል። ሾፓን የሚወደው የፕሌየል ፒያኖ ድምፁ ከዛሬው ትልቅ ፒያኖ ቀለል ያለ ስለነበር እሱ ጋ ጭቃው ይሄን ያህል አይወፍርም። የኛዎቹ ድምፅ ቶሎ አይለቅም።

መፍትሔው ግማሽ ፔዳል ነው። ባሩ መሃል ላይ እግርን ሙሉ በሙሉ ሳያነሱ ትንሽ ለቀቅ፣ መልሶ ረገጥ። ላይ ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ይጠፋሉ፣ ታች ያለው ወፍራም ዲ ፍላት ይተርፋል። የኔ ፔዳል ይሄን አይችልም። ሠርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወት ወዳጅ አለኝ፣ ግማሽ የሚረዳ ፔዳል አለው። "ጥር ከመግባቱ በፊት ትመልሳለህ" ብሎ አዋሰኝ። ሰክቼ ሁለቱን የመግቢያ ባር ስጫወት ሌላ መሣሪያ ነው የመሰለኝ። የእግር ልምምድ ለብቻው አያያዝኩ፤ ግራ እጅና ቀኝ እግር ብቻ፣ ቀኝ እጅ ኪስ ውስጥ።

የጥር ዋዜማ

55ኛው ባር። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ኮርድ ብቻ ሲመላለሱ ቆይተው ድንገት ሲ ፍላት ይመጣል። አንዲት ኖታ ናት። ግን ያን ሁሉ ጊዜ ስላልተሰማች ክፍሉ ውስጥ አዲስ ሰው የገባ ያህል ይሰማል። ወደ ሰብዶሚናንቱ (በስኬሉ አራተኛ ኖታ ላይ ወደሚቆመው ኮርድ) ታዘነብላለች፣ ነገሩ ሁሉ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ሥራው ወደ መጨረሻው መውረድ ይጀምራል። ብዙ ተጫዋች እዚህ ጋ "ሰማችሁ?" ለማለት ይዘገያል ወይም ይጫናታል። እኔ ሳልዘገይ፣ ሳልጫናት እንድትመጣ ነው የምፈልገው። ፒያኖ ተጫዋቾቹን አርተር ሩቢንስታይንንና ማውሪትሲዮ ፖሊኒን እየደጋገምኩ ሰማሁ። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ እኔ ግን ያዳመጥኩት ግራ እጃቸውን ብቻ ነው። ዜማውን ለመርሳት ብሞክርም አስቸጋሪ ነው።

ሾፓን ይሄን ሥራ የካቲት 16 ቀን 1848 ፓሪስ፣ ፕሌየል አዳራሽ ተጫውቶታል፣ ቀኑ በነሱ አቆጣጠር ነው። በፓሪስ ያደረገው የመጨረሻው ኮንሰርት እሱ ሆነ። ታሞ ነበር፣ አቅም አልነበረውም። ሳምንት ሳይሞላ ከተማው በአብዮት ተናጠ፣ ብዙም ሳይቆይ ንጉሡ ሉዊ ፊሊፕ ወረደ። እሱ ራሱ በ1849 ጥቅምት አረፈ። ያን ያህል የደከመ ሰው ይሄን ሥራ መምረጡ አይደንቀኝም። ጉልበት አይጠይቅም፣ የሚጠይቀው ምትን አለመልቀቅ ነው።

ጥር

ወዳጄ ደወለ። "ፔዳሌ የት አለ? ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ።" የቀረጻው ቀን በዚህ ተወሰነ።

በስልክ ማይክ መቅዳት አልፈለግኩም፣ የቁልፎቹ ድም ድም ይገባል። ከፒያኖው በገመድ ቀጥታ ላፕቶፕ ላይ ቀዳሁት። ጎረቤት የለም፣ ውሻ የለም፣ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ደረቅ ነው። ክፍል ውስጥ እንደሚሰማ ያህል ጥቂት ማስተጋባት ጨመርኩበት፣ ከዚያ አልፌ አልነካካሁትም።

ሁለት ቅጂ ለምርጫ ቀሩ። በአንደኛው የቀኝ እጁ ሩጫዎች ጥርት ያሉ ናቸው፣ ሁሉም ኖታ አለ፣ ግራ እጁ ግን ጥንዶቹ ኖቶች ጋ ሲደርስ ትንፋሹን ይይዛል። በሁለተኛው ሩጫው ላይ ሁለት ሦስት ኖታ ተድፈንፍኗል፣ ግራው ግን ከመግቢያው እስከ መጨረሻው ኮርድ አንድ ሰው ነው። ሁለተኛውን ያዝኩ፣ የመጀመሪያውን ሰረዝኩት።

ወዳጄ ፔዳሉን ሊወስድ ሲመጣ ቁጭ አድርጌ አሰማሁት። እስከ መጨረሻው ምንም አላለም።

"ግራ እጅህ ሌላ ሥራ የለውም እንዴ?" አለ።

"የለውም።"

"እኔ ጋ ብትመጣ ባሱን ትይዝልኝ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ያው ነገር ነው።"

ፔዳሉን በፌስታል ጠቅልሎ ሄደ። የራሴን መግዛት አለብኝ፣ ዋጋ እየጠየቅኩ ነው። የሊስትን ኖታ አትሜዋለሁ፣ ፔዳሉ ሲገዛ እጀምራለሁ።